ነሐሱ የት ሄደ

በዋይ ከተማ እንደ ጎዳቫሪ አምላክ የሚያበራ ነሐስ አልነበረም፤ ይህን ጠላቶቿም አይክዱትም። ጠላት ደግሞ አላጣችም፤ ምላሷ ሎሚ ነው፣ የነካውን ሁሉ ያቃጥላል። ምስሉ መዳፍ የሚሞላ ነው። ሕፃኑ ክሪሽና በጉልበቱና በግራ እጁ እየዳኸ፣ በቀኝ እጁ የሰረቀውን የቅቤ ድቡልቡል ከፍ አድርጎ ይዟል። ሙሽራ ሆና ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ ከአልጋው ታነሳዋለች። አዎ፣ አልጋ አለው። በጎምዛዛው የሁመር ፍሬና በተነፋ አመድ ታሸዋለች፣ በወተትና በእርጎ ገላውን ታጥበዋለች፣ በውሃ ታለቀልቀዋለች፣ ከዚያ እንደ ወራቱ ታለብሰዋለች። ለብርዱ ጊዜ የሱፍ ካባ ሠርታለታለች። «ነሐስ ሲጠቁር የቤት ዕድል ይጠቁራል» ብላ ያስተማረቻት አማቷ ናት፤ አማቷንም አማቷ።

ከመታሸት ብዛት ግን የአምላኩ ፊት ጠፍቶ ነበር። ዐይኑ የለም፣ አፍንጫው የለም፣ ያ የሌባ ፈገግታው ከሄደ ቆይቷል። የቀረው ክብ ሆዱና ቅቤው ነው። ምራቷ ኩሙዲኒ በሠርጓ ማግስት ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «እማዬ፣ ፊቱ የት አለ?» ብትላት፣ ጎዳቫሪ «ለሚወደው ይታየዋል» ብላ አፍ አስያዘቻት።

አምላኩ የሚታጠብበት ጎድጓዳ ሳህንም ነሐስ ነው፤ ከእሱ ጋር የመጣ፣ ከእሱ ጋር የሚታሽ። ገላው የታጠበበት ወተት አይደፋም። ጠብታውን በመዳፍ ተቀብለው ይጠጡታል፣ እርጥቡን እጃቸውን አናታቸው ላይ ያብሱታል፤ ይህ የሁሉም ቤት ሥርዓት ነው። የጎዳቫሪ ቤት ግን ከዚያ ያለፈ ልማድ ነበረው። ሲመሽ ጎድጓዳውን በወተት ሞልታ፣ እርጎ ጠብ አድርጋ፣ ማር ጨምራበት፣ አምላኩን እዚያው ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሕፃን ነውና ሌሊት ይርበዋል። ሲነጋ የተረፈው ወተት ለቤቱ ሕፃን ነው። «የወንድም ድርሻ» ይሉታል፤ የሥጋው ሕፃንና የነሐሱ ሕፃን አንድ ወተት የጠጡ ወንድማማች ይሆናሉ ማለት ነው።

የቀረው የቤቱ ነሐስ ሁሉ፣ ድስቱም እንስራውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ውስጡን ይነጣል። ከመብራት በዓል በፊት ቆርቆሮ ለባጩ ቃዲር ወናፉን ተሸክሞ ይመጣል፤ ዕቃውን በፍም አግሎ ውስጡን በቆርቆሮ ይለብጠዋል። ባልነጣ ዕቃ እርጎ የምታሳድር ሴት በዋይ ሰነፍ ትባላለች። የአምላኩ ጎድጓዳ ግን ነጭ ነክቶት አያውቅም። የወርቅ መልክ ያለውን ዕቃ ለአምላክ ሲሆን ማን ደፍሮ ያነጣዋል? ደግሞስ ከዚያ የሚጠጣው ምግብ ነው እንዴ? በረከት ነው እንጂ።

ሽሪራንግ፣ የኩሙዲኒ የበኩር ልጅ፣ አምስት ወር ሲሞላው እናቱ ክፉኛ አተኮሳትና ጡቷ ደረቀ። ጎዳቫሪ አዘነች ብላችሁ እንዳታስቡ። ውስጥ ውስጡን ደስ አላት። በማግስቱ ማንኪያዋን ይዛ ከልጁ ፊት ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ወተቱ ይፈላ ብሏል» አለች ኩሙዲኒ ከተኛችበት።

«የአምላክ አፍ የነካው ወተት ደግሞ ምን መፍላት ያሻዋል? ያንቺ የማይዝግ ብረት ያፈላዋል እንጂ ይባርከዋል?»

ኩሙዲኒ ከሳንግሊ ስትመጣ እናቷ የሰጠቻት ዕቃ በሙሉ የማይዝግ ብረት ነበር። ያኔ ጎዳቫሪ በሰፈሩ ሴቶች ፊት ድስቱን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ፣ «ይቺ ልጅ ከሳንግሊ ነው ወይስ ከሆስፒታል የመጣችው?» ብላ ሁሉንም አስቃባታለች። ልጇ ማዱካር በስኳር ፋብሪካ ይሠራል፤ ቤቱን የሚያየው ቅዳሜና እሑድ ነው። እናቱና ሚስቱ ሲነካኩ ጋዜጣ ውስጥ የሚደበቅ ሰው ነው። ገጹን ሳይገልጥ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል።

ኩሙዲኒ ተሽሏት ከተነሳች በኋላ ማንኪያውን ከለከለች። ጎዳቫሪ «እሺ» አለች። እሺ ማለቷ ነው እንግዲህ የሚያሳዝነው። ምራቷ ልብስ ለማጠብ ወደ ወንዙ ደረጃ ስትወርድ ጠብቃ ልጁን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ልጁም ለመደ። አያቱን ሲያይ፣ ገና ከበሩ ብቅ ስትል፣ እንደ ወፍ ጫጩት አፉን ይከፍታል። «እናቱን ሲያይ ይስቃል፤ እኔን ሲያይ ግን አፉን ይከፍትልኛል» እያለች ለጎረቤት ትኮራ ነበር። ፍቅሯ እውነት ነበር። እንዲህ ያለ ፍቅር በዋይ ተፈልጎም አይገኝም።

በዘጠነኛ ወሩ መዳህ ጀመረ። በአሥረኛው ተወው።

በመጀመሪያ ጥርስ ነው ተባለ። ከዚያ ሙቀት ነው ተባለ። እግሮቹ ቀጠኑ፣ ሌሊት ሌሊት ይነጫነጫል፣ ሆዱ ግን አደገ። አንድ ቀን ጎዳቫሪ ዘይት ስትቀባው ከቀኝ ጎኑ በታች ጣቷ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ጠንካራ ነው፤ ጠርዝ አለው። እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። ያን ጠርዝ ታውቀዋለች። ሁለት ጊዜ በእነዚሁ ጣቶቿ ዳስሳዋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በሳጥኗ ውስጥ፣ ከሠርግ ሳሪዋ በታች፣ ሁለት ጥንድ የሕፃን አልቦ አለ። አንደኛው የሙኩንድ ነው፤ በዓመት ከሁለት ወሩ ሞተ። ሁለተኛው የሳዳሺቭ ነው፤ እሱ ዓመቱንም አልደፈነ። ሁለቱም ሆዳቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ዐይናቸው ብጫ ሆኖ ነው የሄዱት። ሰፈሩ «በዚያ ቤት ወንድ ልጅ አይበረክትም፤ የሆድ ድንጋይ አለባቸው» ይል ነበር። ሦስተኛው ማዱካር ነው። እሱ ሲወለድ ጎዳቫሪ በተስቦ ወድቃ፣ እናቷ ሕፃኑን ወደ ካራድ ወሰደችው፤ ሦስት ዓመት ሞልቶት በእግሩ እየሮጠ ተመለሰ። ታማ በተኛችበት ለሕፃኑ ክሪሽና ተስላ ነበር፦ ይህን ካተረፍክልኝ እስክሞት አንድም ማታ አትራብም። ማዱካር ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ጎድጓዳው አንድ ማታ ባዶ አድሮ አያውቅም።

እና አሁን ምን ታድርግ? ስለቱን ያጎደለች መሰላት። ሌባዋን ምራት አየቻት፤ ድርሻውን የከለከለችውን። ማንኪያው ኩባያ ሆነ፣ ኩባያው ሙሉ ጎድጓዳ ሆነ። ምስሉን በቀን ሁለት ጊዜ ማሸት ጀመረች። ነሐሱ እንደ ፀሐይ አበራ፤ ልጁ ደግሞ በየቀኑ እየገረጣ ሄደ።

በሳታራ ያለው ሐኪም ጎልማሳ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። የልጁን ሆድ ዳሰሰ፣ በብዕር አንድ መስመር አሰመረበት፣ መስመሩን በጣቶቹ ለካ።

«ጉበቱ ነው፤ ሦስት ጣት ወርዷል። ገና ጨርሶ አልደረቀም፤ ግን እየደረቀ ነው። ምን ይመገባል?»

«የላም ወተት፣ የሩዝ ገንፎ፣ አንዳንዴ ሙዝ» አለች ኩሙዲኒ።

«ወተቱ በምን ይፈላል?»

«በማይዝግ ብረት።»

«በቤቱ ነሐስ የለም?»

ጎዳቫሪ ከኋላ ሆና፣ «አለ እንጂ! በየዓመቱ ግን አስነጣለሁ። እኔ ቤት ያልነጣ ድስት አይገኝም» አለች። ኩራት ነበረባት።

«ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም? የባህል መድኃኒት፣ ቅጠል፣ ዱቄት?»

«ምንም» አለች ኩሙዲኒ።

«ምንም» አለች ጎዳቫሪ። ዋሸች እንዳትሏት። ወተት ቢላት ወተት ብላ ነበር፤ መድኃኒት ቢላት መድኃኒት። በረከት ግን ማን ጠየቃት? ልብ ካላየ ዐይን አያይም። ሐኪሙ ብዙ ጠርሙስ ጻፈላቸው፤ በወር ተመለሱ አላቸው፤ የሚቀምሰውን ነገር ሁሉ ልብ ብላችሁ አስተውሉና ንገሩኝም አለ። ሲወጡ ግን ለነርሷ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ሲላት ኩሙዲኒ የነርሷ ፊት ሲለወጥ አየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩሙዲኒ ተሰበረች። ቤት ሲደርሱ ልጇን አስተኝታ በቀጥታ ወደ አምላክ ጓዳ ገባች፤ ያ ስትሸሸው የነበረ ጓዳ ውስጥ ግንባሯን መሬት አስነክታ ቆየች። ስትወጣ ዐይኗ አብጧል።

«እማዬ፣ የወንድም ድርሻውን እኔው ልስጠው?»

ጎዳቫሪ ወራት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነበር። ግን አልፈነደቀችም። የምራቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ «ነይ ልጄ፣ ላሳይሽ» አለቻት። በሁመር እንዴት እንደሚታሽ፣ አመዱ እንዴት እንደሚነፋ፣ ከሆዱ ሥር ያለው ጥቁር እንዴት በክር እንደሚወጣ አሳየቻት። ሁለት ሴቶች በአንድ ጎድጓዳ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ነገር ዋሉ። ማዱካር ቅዳሜ መጥቶ ይህን ሲያይ ጋዜጣውን አስቀመጠና፣ «ዛሬ ምን ታይቶ ነው? ፀሐይ በየት ወጣች?» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ልጁ ወተቱን አንዳንዴ ይተፋዋል። ኩሙዲኒ አፍንጫውን ይዛ ታጠጣው ጀመር። ምን ታድርግ፣ የተፋው በረከት ነው።

የመብራት በዓል ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የቃዲር ወናፍ ከሰፈሩ ባንያን ዛፍ ሥር ተሰማ። ጎዳቫሪ ድስቶቿን ሰበሰበች። በዚያው ጠዋት የአምላኩ ጎድጓዳ ጆሮ ተነቅሎ በእጇ ቀርቶ ነበር። ልቧ ደነገጠ፤ የአምላክ ዕቃ ሲሰበር መልካም አያመጣም። ሌሊቱን ያደረውን ወተት በኩሙዲኒ የብረት ኩባያ ገለበጠችና፣ «ሲነቃ አጠጪው። እኔ ይህን አስጠግኜ ልምጣ» ብላ ወጣች።

ቃዲር ጺሙ ነጭ፣ ጣቶቹ ጥቁር ሽማግሌ ነው። አባቱም በዚሁ ዛፍ ሥር ተቀምጧል።

«እትዬ ጎዳ፣ ዘንድሮም አሉ?»

«አንተን ሳልሸኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው አይቸኩሉ፤ እኔም አልቸኮልኩም» አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የልጅ ልጅዎ እንዴት ሆነ?»

«አለ። አምላክ ያውቃል።» ጎድጓዳውን ከሳሪዋ ጫፍ ፈታ አወጣችው። «ይህን ጆሮውን ብቻ በይድልኝ። ነጭ እንዳታስነካው፤ የአምላክ ነው።»

ቃዲር ተቀበላት። በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ አደረገው። ሳቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ።

«ይሄ ያ ሳህን ነው?»

«የትኛው ሊሆን ነው?»

«አባቴ የዚህን ሳህን ጆሮ ሲጠግን እኔ ወናፍ እነፋ ነበር። በሁለት እጄ ነበር የማነሳው፤ እግሬ ላይ ወድቆ ጥፍሬን ነቅሎታል። ዛሬ እንደ ቅጠል ነው። እትዬ፣ ነሐሱ የት ሄደ?»

«ታሽቶ አለቀ ነዋ! ሠላሳ ስምንት ዓመት እኮ ነው፣ ያውም የኔ ክንድ።»

«መታሸትማ ውጭውን ነበር የሚጨርሰው። ይኸው ይዩት፣ በውጭ የተቀረጸው አበባ ደብዝዞም ቢሆን አለ። ያለቀው ከውስጥ ነው።» አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገባና ከታች ወደ ላይ አሻሸ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «እስኪ ይዳስሱት። እዚህ ድረስ ስስ ነው፤ ከዚህ በላይ ወፍራም። ይቺ ደረጃ ምንድን ናት? ምን ያሳድሩበታል?»

ጎዳቫሪ ዳሰሰችው። ጠርዝ ነበረው።

«ወተት» አለች። «እርጎ ጠብ አድርጌ፣ ትንሽ ማር።»

«እዚህ ድረስ ይሞሉታል?»

«እዚያ ድረስ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«አምላክ ሌሊት አይራብም እንዴ?»

«ይራባል እንጂ» አለ ቃዲር ቀስ ብሎ። «የተረፈውን ማን ይጠጣዋል?»

ጎዳቫሪ ቱግ አለች። «አንተ ለባጭ! ነጭ ሳትለብጥ የምታልፈው ዕቃ ሲኖር እንቅልፍ አይወስድህም አይደል! የአምላክ ሳህን ላይ ደግሞ ዐይንህን ትጥላለህ? ይህ ስንት ትውልድ የተባረከበት ነው! አንተ ምን ታውቃለህ?»

ቃዲር አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደደች።

«እኔ የማውቀው ነሐስ ነው፣ እትዬ። ስለ አምላክዎ አላወራም። ጎምዛዛ ነገር ያልነጣ ነሐስ ውስጥ ሲያድር ነሐሱን ይበላዋል። አባቴ፣ በዚያ ያደረውን ለውሻ እንኳ አትስጡ ይል ነበር። ትልቅ ሰው ጠብታ ቢቀምስ ምንም አይለው ይሆናል፤ ሕፃን ግን…» የልጁን ሆድ አስታወሰ መሰለኝ፤ አቆመ። ወናፉ ባዶውን ተነፈሰ። «እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ለሐኪሙ ይንገሩት።»

ነሐሱ የት ሄደ? ጎዳቫሪ ድስቶቿን ትታ፣ ጎድጓዳውን ብቻ ይዛ መንገድ ጀመረች። ነሐሱ የት ሄደ? ሙኩንድ ሙሉ ጎድጓዳ ይጠጣ ነበር፤ ጎበዝ ጠጪ ነበር፣ አማቷ ትኮራበት ነበር። ሳዳሺቭ ሲታመም ድርሻውን እጥፍ አደረጉለት። ማዱካር ደግሞ ካራድ ነበር። ማዱካር ከዚህ ጎድጓዳ አንድ ጠብታ ሳይቀምስ፣ በአያቱ የሸክላ ዕቃ ጠጥቶ አደገ። ስለቱ አይደለም ያዳነው። ርቀቱ ነው። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ይህን ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጣ አላየችውም። የቤተ መቅደሱን ግድግዳ ይዛ ቆመች። የሚያልፉ ሴቶች «ጎዳ፣ ምነው?» ሲሏት ወተት፣ ወተቱ፣ አለችና ሮጠች። በሃምሳ አራት ዓመቷ፣ ሳሪዋን በእጇ ሰብስባ ሮጠች።

ኩባያው ነው የሚያስሮጣት። ሲነቃ አጠጪው ያለችው እሷው ናት።

ኩሙዲኒ በአምላክ ጓዳ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር፤ ልጁ ጭኗ ላይ። ፊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ በራ ብሏል።

«እማዬ፣ ዛሬ ጉድ ነው! አንድም ጠብታ ሳይተፋ ጨረሰልኝ! አፍንጫውንም አልያዝኩት፤ ራሱ ነው የጠጣው።» ኩባያውን ደፍታ አሳየቻት። ከዚያ ልጇን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ የአማቷን እግር በሁለት እጇ ነካች። «ያን ሁሉ ወር ስጨቃጨቅዎት… እርስዎ ልክ ነበሩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ጎዳቫሪ እግሯን መንጠቅ አልቻለችም።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ይህን መደበቅ አይገባም። ቃዲር ወሬኛ አይደለም። ጎድጓዳውን ነገ ታስነጣዋለች፤ ሕፃኑ ክሪሽና በሕልሜ መጥቶ ነጭ እፈልጋለሁ አለኝ ትላለች፤ ኩሙዲኒ አሁን ምኑንም ታምናለች። ልጁ ቢድን አምላክ አዳነው፣ ባይድን የሆድ ድንጋይ ወሰደው። ሁለት ጥንድ አልቦ ሦስት ይሆናል፤ ማንም የማንንም እጅ አያይም። ማዱካርም እናቱን እንደ እናት እያየ ይኖራል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሽው አለባት፤ የምራቷ ግንባር እግሯ ላይ እንደ ሆነ።

ሐኪሙ ግን፣ ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም ወይ ብሎ ጠይቋል። «ምንም» ያለችው እሷ ናት።

«ተነሽ» አለች። «ኩሙድ፣ ተነሽ። እግሬን አትንኪ። ልጁን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።»

ኩሙዲኒ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እማዬ፣ ፀሐይ መትቶዎታል። ውሃ ላምጣልዎት?»

«ወተቱ ነው። ጎድጓዳው ነው። ነሐሱ በወተቱ ውስጥ ነው ያለው፤ እኔ ነኝ ያበላሁት። ሙኩንድንም እኔ ነኝ። ሳዳሺቭንም።»

«እንዲህ አይበሉ! የአምላክ ወተት እንዴት…»

«ኩባያሽን እዪው!»

ኩሙዲኒ አየችው። በነጩ ብረት ግርጌ፣ የወተቱ ጭላጭ በደረቀበት፣ ክር የምታህል አረንጓዴ ቀለበት ነበረች። በነሐስ ላይ ብትሆን ማንም አያያትም ነበር። በጣቷ ነካቻት፤ ጣቷን ወደ ብርሃኑ አደረገች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም።

«ከአምስተኛ ወሩ።»

«ከልክዬዎት ነበር።»

«ወንዝ ስትወርጂ እየጠበቅኩ።»

ኩሙዲኒ ብትጮህ፣ ፀጉሯን ብትነጭ፣ ብትሰድባት ጎዳቫሪ ትችለው ነበር። ስድብ ታውቃለች። ኩሙዲኒ ግን ገብታ የልጁን ልብስ በከረጢት አደረገች፣ የሐኪሙን ወረቀት ፈልጋ አገኘች፣ ፀጉሯን ጠቀለለች። በእኩለ ቀን የሚሄድ የሳታራ አውቶቡስ አለ። ከበሩ ስትደርስ ቆመች፤ ዞር ግን አላለችም።

«ሳህኑን ይስጡኝ። ሐኪሙ ይየው።»

ጎዳቫሪ ጎድጓዳውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችላት። የተነቀለውን ጆሮም ጨመረችበት። «ማን ነው ያጠጣው ካለሽ አያቱ በይው። አትሸፋፍኚልኝ። ስሜን ንገሪው። ስንት ስንት እንደሆነም ንገሪው፤ መጀመሪያ በማንኪያ፣ ከዚያ ኩባያ፣ ከዚያ ሙሉ። ሦስት ጣት ነው ያለው፤ ገና ጨርሶ አልደረቀም ብሏል፣ ሰምተሻል አይደል? ገና ነው ብሏል።»

ኩሙዲኒ ጨርቁን ብብቷ ሥር አደረገችና ልጇን አንስታ ወገቧ ላይ አስቀመጠችው።

ጎዳቫሪ ወደ በሩ ጥግ ሸሸች። የሳሪዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች፤ ልጁ እንዳያያት ነው። በጓዳው ውስጥ ፊት የሌለው አምላኳ ደረቅ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ያበራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎድጓዳ የለውም። ኩሙዲኒ ደፉን ተሻገረች። በእናቱ ትከሻ ላይ የሽሪራንግ ቀጭን አንገት ወደ ኋላ ዞረ። ብጫ የጀመሩት ዐይኖቹ ጥግ ጥጉን ፈለጉ፣ የሳሪውን ቀለም አወቁት።

አያቱ ናት። አፉን ከፈተላት።